ስሙ አንድ፣ ዘሩ ብዙ፤ በርበሬን በቁሙ የሚያደርቀው ተህዋስ

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሦስት አራት ቀን ሳያባራ ዘንቦ ፀሐይ ስትወጣ የበርበሬ ማሳ ውስጥ የሚታየው ነገር ከዓመት ዓመት አይለወጥም። ትናንት ቀጥ ብሎ የቆመ ተክል ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሳለ ያጎነብሳል። መጀመሪያ በማሳው ዝቅተኛ ጫፍ ሁለት ሦስት እግር ይሆናል፤ በሳምንቱ ግን ውሃው የሄደበትን መስመር ተከትሎ ትልሙ ሙሉ ይወድቃል። በባሕር ዳር ዙሪያ፣ በሜጫ፣ በአቸፈር፣ በፎገራም ገበሬው በጥቅሉ «አጠወለገው» ወይም «አደረቀው» ይላል።

ከዚያ ክርክር ይከተላል። አንዱ ሪዶሚል ረጭቼ አተረፍኩ ሲል፣ ጎረቤቱ ያንኑ መድኃኒት ከዚያው ሱቅ ገዝቶ ምንም አልጠቀመውም። አንዱ ማሳ ላይ የተቋቋመ ዝርያ ሌላው ላይ ያልቃል። ጥፋቱ በሻጩ ወይም በገበሬው ይሳበባል፤ አንዳንዴም እውነት ነው። ብዙ የማይወራለት ሌላ ምክንያት ግን አለ፤ በሽታውን የሚያመጣው ተህዋስ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ እሱ ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም።

የጠወለገ ሁሉ በሽታው አንድ ነው?

አይደለም። ስሕተቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረውም ከዚህ ነው። በርበሬን ከሥሩ ይዘው የሚያጠወልጉ ሦስት ዋና ተህዋስያን አሉ፤ ራልስቶኒያ የተባለው ባክቴሪያ፣ ፉዛሪየም የተባለው ፈንገስ እና የዚህ ጽሑፍ ባለጉዳይ የሆነው፣ ፈንገስም ባክቴሪያም ያልሆነው ፋይቶፍቶራ ካፕሲሲ። ከመንገድ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሦስቱም ያው ናቸው። ቀርቦ ላየ ግን ይለያያሉ።

አንድ ቢላና አንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ይበቃል። ገና መጠውለግ የጀመረ ተክል ከነሥሩ ይንቀሉ። ከአፈሩ በላይ ያለውን የግንዱን ክፍል አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጠው ጫፉ ውሃውን እንዲነካ አድርገው ያንጠልጥሉትና ሳይነቀንቁ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ከተቆረጠው ጫፍ እንደ ወተት የነጣ ቀጭን ክር ወደ ታች ከወረደ ባክቴሪያ ነው። ክር ካልወረደ ቀሪውን ግንድ ቁልቁል ይሰንጥቁት። ፉዛሪየም የሚጓዘው ተክሉ ውሃ በሚያሳልፍባቸው ቧንቧዎች ስለሆነ ከቅርፊቱ ሥር ቡናማ መስመር ወደ ላይ ወጥቶ ይታያል፤ ተክሉም ከታችኞቹ ቅጠሎች ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው። ካፕሲሲ ግን አንገት ያንቃል። ግንዱ ከአፈር በሚገናኝበት ቦታ ጠቆር ያለ፣ ረጠብ ያለ ቁስል ዙሪያውን ይከበዋል፤ ሥሩን በጣት ሲጎትቱት ቅርፊቱ ተልጦ እጅ ላይ ይቀራል። ውሃ ወደ ላይ የሚያልፍበት ስለሚያጣ ተክሉ ቢጫ ለመሆን እንኳ ጊዜ አያገኝም።

ከሦስቱ ሁለቱ በአንድ ተክል ላይ ተደርበው ሊገኙ ይችላሉ። እርግጡን የሚናገረው ላቦራቶሪ ነው፤ የብርጭቆው ሙከራ ግን ቢያንስ ለባክቴሪያ የፈንገስ መድኃኒት ከመግዛት ያድናል።

ፈንገስ ካልሆነስ ምንድን ነው?

ፋይቶፍቶራ የሚለው ቃል ከግሪክ የመጣ ሲሆን «ተክል አጥፊ» ማለት ነው። ለጎጃም ገበሬ ዘመዱ አዲስ አይደለም። የድንች ማሳን በቀናት ውስጥ የሚያከስለው ምች የሚመጣው በዚሁ ቤተሰብ አባል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ አየርላንድን ያስራበውም እሱው ነበር። የበርበሬውን ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የገለጸው ሊዮን ሊዮኒያን የተባለ ተመራማሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1922፣ ከአሜሪካዋ ኒው ሜክሲኮ የበርበሬ ማሳዎች ተነስቶ።

መልኩ ሻጋታ ስለሆነ ለረጅም ጊዜ ከፈንገስ ተቆጥሯል። ዝምድናው ግን ከባሕር አልጌዎች ጋር ነው። ነገሩ ለገበሬው ኪስም ይተርፋል፤ የሴሉ ግድግዳ በዋናነት ከሴሉሎስና ከመሰሎቹ የተሠራ ነው፣ ብዙዎቹ የፈንገስ መድኃኒቶች የሚያጠቁትንም ነገር በውስጡ አያመርትም። ለስንዴ ዋግ ተገዝቶ የተረፈ ቲልት የተባለው የፈንገስ መድኃኒት በርበሬ ላይ ቢረጭ ካፕሲሲን አይነካውም።

ከተክል ወደ ተክል እንዴት ይሄዳል?

በውሃ። የተበከለው ግንድ ወይም ፍሬ ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነገር ይወጣል። ያ ነጭ ነገር የሎሚ ቅርጽ ያላቸው እጅግ ደቃቅ ከረጢቶች ክምችት ነው፤ በአንድ የበሰበሰ ፍሬ ላይ በሚሊዮን ይቆጠራሉ። ከረጢቱ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይፈነዳና ከ20 እስከ 40 የሚደርሱ ዋናተኛ ስፖሮችን፣ ማለትም ደቃቅ የመራቢያ ሴሎችን፣ ይለቃል። እያንዳንዱ ሁለት ጅራት አለው፤ በእነሱ እየቀዘፈ፣ ከሥር የሚወጣውን ሽታ መሰል ኬሚካል ተከትሎ ሥሩን ያገኘዋል። ደርሶ ይጣበቃል፤ ጅራቱን ጥሎ ይበቅላል፤ ገብቶ ይበላል። ሙቀቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ከሆነ በሦስት አራት ቀን ምልክቱ ይታያል።

በጣና ዙሪያ ሰው የሚፈራው ክረምቱን ነው። የመስኖው ወቅት ግን ከዚያ የባሰ ሊሆን ይችላል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የባሕር ዳር ቀን ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል። አፈሩ ሲሞቅና ማሳው በየሳምንቱ በቦይ ሲጥለቀለቅ ተህዋሱ የሚፈልገው ሁሉ ተሟላለት ማለት ነው። የቆጋ መስኖን በመሰለ፣ ውሃ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው በሚተላለፍበት ቦታ ደግሞ የላይኛው ሰው ችግር የታችኛው ሰው ችግር ይሆናል።

ከድንቹ ምች በአንድ ነገር ይለያል። የድንቹ በነፋስ ሩቅ ይጓዛል፤ የበርበሬው ግን ከረጢቶቹ በነፋስ ብዙም አይነቀሉም። ከሜጫ ተነስቶ አየር ላይ ተንሳፍፎ ፎገራ አይደርስም። በጎርፍ፣ በቦይ ውሃ፣ በችግኝ ሥር፣ በዶማና በጫማ ጭቃ ነው የሚሄደው። የጎረቤታሞቹ ክርክር ግማሽ መልስ እዚህ ላይ ነው፤ ተህዋሱ ሩቅ ስለማይበር እያንዳንዱ ማሳ ወይም እያንዳንዱ የቦይ መስመር የራሱን ስብስብ ይዞ ሊኖር ይችላል። በድንበር የሚዋሰኑ ሁለት ማሳዎች ላይ ያሉት ካፕሲሲዎች እርስ በርሳቸው ባዕድ ሊሆኑ ይችላሉ።

ልዩነቱ ከየት ይመጣል?

ለዚህ ከእምቦጭ የተሻለ ምሳሌ የለም። የጣና ዳር ሰው እንደሚያውቀው እምቦጭ በሁለት መንገድ ይራባል። አንደኛው ከእናቲቱ ጎን ልጅ እየበቀለ፣ ልጅቱም ተገንጥላ እየተንሳፈፈች ነው፤ ይህ ፈጣን ነው፣ የሚወጣው ግን እናቱን ቁርጥ የሆነ ቅጂ ነው። ሁለተኛው በዘር ነው፤ ዘሩ ደለል ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ይተኛል።

ካፕሲሲም እንዲሁ ነው። ዋናተኛ ስፖሮቹ ቅጂዎች ናቸው። በአንድ ክረምት ብዙ ትውልድ ይወጣቸዋል፤ ተክል በሌለበት አፈር ውስጥ ግን ብዙ አይቆዩም፣ በሳምንታት ቢበዛም በወራት ያልቃሉ። ሁለተኛው መንገድ ግን ሁለት ወገን ይፈልጋል። ሊቃውንቱ ኤ1 እና ኤ2 ብለው ይጠሯቸዋል። ወንድና ሴት ማለት አይደለም፤ አንዱ ወገን ብቻውን የማይችለውን ሁለቱ ሲገናኙ ይችሉታል ማለት ነው። ኤ1 እና ኤ2 በአንድ ሥር ላይ ሲገጥሙ ወፍራም ግድግዳ ያለው ስፖር ይወለዳል። እዚህ ላይ ከራሚ ስፖር እንበለው፤ ድርቁንም ብርዱንም ችሎ አፈር ውስጥ ዓመታት ይከርማልና። ወር ያህል ተኝቶ ከዚያ በኋላ በተመቸው ጊዜ ይነሳል።

ከራሚ ስፖር ሁለት መዘዝ አለው። አንደኛው ዕድሜው ነው። ሁለተኛው፣ ለዚህ ጽሑፍ ዋናው፣ ከሁለት ወላጅ የተውጣጣ በመሆኑ ከሁለቱም የተለየ ልጅ መሆኑ ነው። እንደተበወዘ ካርታ እያንዳንዱ አዲስ እጅ ይዞ ይወጣል። አንዱ ወላጅ መድኃኒት የሚቋቋም፣ ሌላው ሥር ላይ ኃይለኛ ከሆነ፣ ከልጆቹ አንዱ ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል።

በዓለም ላይ ሁለቱም ዓይነት ሁኔታ ታይቷል። በአሜሪካ ብዙ ማሳዎች ኤ1 እና ኤ2 አብረው ስለሚኖሩ በየዓመቱ አዳዲስ ልጆች ይገኛሉ። በፔሩ በአንጻሩ አንድ የኤ2 ዘር ብቻ፣ ራሱን እየገለበጠ፣ አገሩን አዳርሶ ለዓመታት ሲገዛ ተገኝቷል። ቅጂ ብቻ ነው ተብሎ መዘናጋት ግን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2012 የተህዋሱ ሙሉ የዘረመል መጽሐፍ ሲነበብ፣ በቅጂ እየተራባ ያለው እንኳ ከጥንድ ዘረመሎቹ የአንዱን ክፍል እየጣለ እንደሚለወጥ፣ አንዳንዴም ከኤ2 ወደ ኤ1 እንደሚገለበጥ ታውቋል። ወገን የሚቀይር ጠላት ማለት ነው።

«የዘረመል ስብጥር» እና «የማጥቃት ስብጥር» አንድ አይደሉም?

ስለ ተህዋሱ ልዩነት ሲነገር ሁለቱ ቃላት አብረው ስለሚሄዱ ይምታታሉ። የመጀመሪያው መታወቂያ ነው፤ ሁለተኛው ሙያ። በመታወቂያ የማይገናኙ ሁለት ሰዎች በሙያ ሁለቱም አናጢ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ወንድማማቾች ደግሞ አንዱ አናጢ አንዱ ነጋዴ። ካፕሲሲዎችም በዲኤንኤ ሲታዩ ተራራቁ ማለት በርበሬ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ተለያየ ማለት አይደለም። ስለዚህ ሁለቱም ለየብቻ ይለካሉ።

የማጥቃት ልዩነቱ የሚመጣው ከተክሉ ዘበኞች ነው። ተክል በሴሎቹ ውስጥ ሰርጎ ገብ የሚለዩ ዘበኞች አሉት። ዘበኛው ግን የሌባውን ፊት አያውቅም፤ የሚያውቀው ኮቱን ነው። ኮት ያልነው ተህዋሱ ተክሉን ለማደንዘዝ ወደ ሴሉ የሚልካቸውን ፕሮቲኖች ሲሆን ካፕሲሲ እነዚህን በመቶዎች ይዟል። ዘበኛው የሚያውቀውን ኮት ሲያይ በዙሪያው ያሉትን ሴሎች ገድሎ መንገዱን ይዘጋል። ያን ኮት የጣለ ወይም የቀየረ ካፕሲሲ ግን ሰላም ብሎ ያልፋል። በየትኛው ዝርያ በር እንደሚያልፉና በየትኛው እንደሚያዙ ተለይተው የተመደቡት ቡድኖች ሬስ ይባላሉ።

ነገሩ ለእኛ አገር ሩቅ አይደለም። ዲገሉ የተባለው የስንዴ ዝርያ ቢጫ ዋግንም በወቅቱ ይፈራ የነበረውን የግንድ ዋግ ሬስም ስለቻለ በሰፊው ተዘርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ሌላ የግንድ ዋግ ሬስ መጣና በባሌና በአርሲ አወደመው። ዝርያው አልተበላሸም፤ በሩ ላይ የቆመው ሌባ ነው የተለወጠው።

በበርበሬ ላይ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ፤ ሥር የሚጠብቀው ዘበኛና ቅጠል የሚጠብቀው ዘበኛ አንድ አይደሉም። ሥሩን ከመበስበስ የሚከላከል ዝርያ ቅጠሉ ወይም ፍሬው ላይ ሊጠቃ ይችላል። እስካሁን በጽናቱ ስሙ የሚነሳው ሲኤም334 የተባለ የሜክሲኮ በርበሬ ነው። ፍሬው ትንሽ ስለሆነ እንዲሁ ተተክሎ ገበያ አይወጣም፤ አዳቃዮች ጽናቱን ወደ ትላልቅ ፍሬ ለማሻገር ዓመታት ይፈጅባቸዋል። አንድን ዝርያ፣ ማረቆ ፋናም ይሁን መልካ አዋዜ ወይም የአካባቢ ዘር፣ «ይቋቋማል» ከማለት በፊት መጠየቅ ያለበት «የትኛውን ካፕሲሲ፣ በየትኛው አካሉ?» የሚለው ነው።

ተመራማሪዎች ይህን እንዴት ያውቃሉ?

ከቁስሉ ዳር፣ የሞተውና ጤነኛው ከሚገናኙበት ድንበር፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ይቆረጣል። መሃሉ አይጠቅምም፤ እዚያ ላይ ሬሳ በሊታዎች ቀድመው ሰፍረዋል። ቁራጩ በቀጠነ በረኪና አንድ ደቂቃ ያህል ታጥቦ፣ በንጹሕ ውሃ ተለቅልቆ፣ ባክቴሪያና ተራ ፈንገስ የሚገድሉ መድኃኒቶች በተጨመሩበት ምግብ ላይ ይቀመጣል። ካፕሲሲ ከእነሱ አምልጦ ሲያድግ ከአንድ ዋናተኛ ስፖር ብቻ የበቀለ ንጹሕ ዘር ይለያል። ይህ ደረጃ ከተዘለለ ሁለት የተቀላቀሉ ዘሮች እንደ አንድ ተቆጥረው ውጤቱ ሁሉ ይዛባል።

ወገኑን ለማወቅ ከታወቀ ኤ1 ጋር በአንድ ሳሕን፣ ከታወቀ ኤ2 ጋር በሌላ ሳሕን ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ከራሚ ስፖር የተገኘው ከኤ1 ጋር ከሆነ የመጣው ዘር ኤ2 ነው። መድኃኒት መቋቋሙ ደግሞ ሜታላክሲል የተባለው መድኃኒት በሊትር 100 ሚሊ ግራም በተጨመረበት ምግብ ላይ ይፈተናል። መድኃኒት በሌለበት ካደገው ከ30 በመቶ በታች ካደገ ተጋላጭ፣ ከ90 በመቶ በላይ ካደገ ተቋቋሚ፣ በመካከል ያለው መካከለኛ ይባላል። የማጥቃት ኃይሉ የሚለካው ጽናታቸው በታወቀ የተለያዩ በርበሬዎች ችግኝ ግርጌ በቁጥር የተመጠነ ዋናተኛ ስፖር አፍስሶ ለሳምንታት እየተከታተሉ ነው። ከአንድ ማሳ አንድ ናሙና ይዞ ስለ ስብጥር መናገር አይቻልም፤ ከአንድ ሰው ምስክርነት የመንደሩን ሁሉ ጠባይ እንደመተረክ ነው።

መድኃኒቱ ለምን ይከዳል?

ሪዶሚል ጎልድ ኤምዜድ 68 በኪሎው ውስጥ 40 ግራም ሜፌኖክሳም እና 640 ግራም ማንኮዜብ ይዟል። ማንኮዜብ ከላይ የሚሸፍን ልብስ ነው፤ ከገባ በሽታ ጋር አይታገልም። ተክሉ ውስጥ ገብቶ የሚሠራው የሜታላክሲል ወንድም የሆነው ሜፌኖክሳም ነው። እሱ ደግሞ ተህዋሱን የሚመታው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ያ ቦታ በአንድ ዘረመል ለውጥ ከተቀየረ መድኃኒቱ ዒላማውን ያጣል። ለውጡን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ካፕሲሲ መካከለኛ ይሆናል፤ ከሁለቱም የወረሰ ሙሉ በሙሉ ይቋቋማል። ተመሳሳይ መድኃኒት በአንድ ወቅት አራት አምስት ጊዜ መርጨት ተጋላጮቹን ጠርጎ ማሳውን ለተቋቋሚዎቹ ማስረከብ ነው። ኤ1 እና ኤ2 ባሉበት ማሳ ይህ የመቋቋም ባሕርይ ከራሚ ስፖር ውስጥ ተቀምጦ ለሚቀጥሉት ዓመታት ይተርፋል።

ግን ተህዋሱ ሳይለወጥም መድኃኒቱ ሊከሽፍ ይችላል። ሜፌኖክሳም ተክሉ ውስጥ የሚጓዘው ወደ ላይ ነው። ቅጠል ላይ ተረጭቶ ሥር አይደርስም። በሽታው አንገትና ሥር ላይ ሆኖ ሳለ ጫፉን ማርጠብ ገንዘብ ማባከን ነው። ያጎነበሰ ተክል በምንም አይነሳም።

ታዲያ ማሳ ላይ ምን ይደረጋል?

የስብጥር ነገር ሲገባ ቅደም ተከተሉ ይለወጣል። ተህዋሱ መድኃኒትንም ዝርያንም ሊያመልጥ ይችላል፤ ያለ ውሃ መዋኘት ግን የትኛውም ሬስ አይችልም። ስለዚህ ከውሃው ይጀመራል። በርበሬ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ መደብ ላይ ይተከል፤ በተለመደው በ70 ሴንቲ ሜትር የመስመርና በ30 ሴንቲ ሜትር የተክል ርቀት። ውሃው በቦዩ ይሂድ እንጂ የተክሉን አንገት አይንካ። ዋልካ መሬት ላይ፣ በተለይ ርብና ጉማራ በሚያጥለቀልቁት ሜዳ፣ ማፋሰሻ ሳይቆፈር በርበሬ መትከል ቁማር ነው። ቦዩ ሲሞላ ውሃ ሰዓታት የሚተኛበትን የማሳ ጫፍ ለሌላ ሰብል መተው ከማንኛውም ርጭት ይረክሳል።

የጠወለገው ተክል በዙሪያው ካሉት፣ ጤነኛ ከሚመስሉት፣ ሁለት ሦስት እግሮች ጋር ተነቅሎ ከማሳው ውጭ ይቀበር። ቦይ ውስጥ የሚጥል ሰው ግን አለ፤ ከታች ላለው ጎረቤት በሽታውን በነፃ እንደማድረስ ነው። የዘር ፍሬ ከበሰበሰ አይለቀም። ችግኝ በርበሬ ወይም ቲማቲም ባልነበረበት መደብ ላይ ይፈላ። የቆየ መደብ ከሆነ በሞቃቱ ወራት አጠጥቶ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ጠርዙን በአፈር አፍኖ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መሸፈን የላይኛውን አፈር ያጸዳል። ሥራ ሲሠራ ከጤነኛው ማሳ ተጀምሮ ወደ ታመመው ይገባል፤ ዶማውና ጫማው ጭቃው ታጥቦ ነው የሚወጣው።

ሰብል ማፈራረቅ ላይ ደግሞ የሁለቱ ወገኖች ጉዳይ ይመለሳል። አንድ ወገን ብቻ ባለበት ማሳ አጭር እረፍት ሊበቃ ይችላል፤ ከራሚ ስፖር ካለበት ግን ቢያንስ ሦስት ዓመት፣ ከተቻለም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ቲማቲም፣ ደበርጃን፣ ዱባ፣ ዝኩኒ፣ ኪያር፣ ሐብሐብ እና ፎሶሊያ ማፈራረቂያ አይሆኑም፤ ካፕሲሲ ሁሉንም ይበላል። በቆሎ፣ ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ ሩዝ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ግን አይመቹትም።

ናሙና እንዴት ይላካል?

የዕፅዋት ጤና ባለሙያ ዘንድ የሚደርሰው ናሙና ብዙ ጊዜ የደረቀ እንጨት ነው፤ ከእሱ ምንም አይገኝም። ገና መጠውለግ የጀመሩ ከሦስት እስከ አምስት ተክሎች፣ ከማሳው የተለያየ ቦታ፣ ከነሥራቸውና ከነአፈራቸው ተቆፍረው ይወሰዱ፤ አይጎተቱ፣ ሥሩ አፈር ውስጥ ይቀራልና። ሥሩና አፈሩ በፌስታል፣ ግንድና ቅጠሉ በደረቅ ጋዜጣ ይጠቅለል፤ ቅጠሉ ረጥቦ ከታፈነ መንገድ ላይ ይበሰብሳል። ፀሐይ ላይና የመኪና ጋቢና ውስጥ አይቆይ፣ ፍሪዘርም አይግባ፤ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይድረስ። ወረቀት ላይ ቀበሌው፣ ዝርያው፣ የተተከለበት ቀን፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት ማሳው ላይ የነበረው ሰብል፣ የተረጨው መድኃኒት ስምና ስንት ጊዜ እንደተረጨ፣ እንዲሁም ውሃው ወደ ማሳው በየት በኩል እንደሚገባ ይጻፍ።